ማስቲካ ነው ብላችሁ አታኝኩት

ይህ ባለፈው እሁድ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ሲጋራ ለማቆም ስለሚረዳው የኒኮቲን ማስቲካ ለወገኖቻችን ያደረግሁት ንግግር ነው። ኒኮቲን ማለት ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ነገር ነው። ሥራ ይዟቸው የቀሩ ሰዎች በጽሑፍ ስጠን ስላሉኝ፣ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን ጨምሬ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በእረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በምሠራበት ፋርማሲ የማከብራቸው አንድ ደንበኛ አሉ። ስልሳውን ያለፉ፣ ለረጅም ዓመታት ሌሊት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሲጋራ ለማቆም ቆርጠው መጡና የኒኮቲን ማስቲካ ሰጠኋቸው። በአራተኛው ቀን ካርቶኑን ይዘው ተመለሱ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አልሆነም። ስቅታው አላስተኛ አለኝ። ደረቴን ያቃጥለኛል። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። ከዚህስ ሲጋራዬ ይሻለኛል" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚያኝኩት?" አልኳቸው።

"እንዴት ይታኘካል ታዲያ? እንደ ማስቲካ ነዋ!"

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ወረፋ ስለነበረ ካርቶኑን አቀብዬ ሸኘኋቸው። አንድም ነገር አላስረዳኋቸውም። ይህ ደግሞ በራሴ ደርሶ የማውቀው ነገር ነው። እኔ 14 ዓመት አጭሻለሁ። ማስቲካውን መጀመሪያ የሞከርኩት ፋርማሲስት ከመሆኔ በፊት ሲሆን፣ የሰጠኝ ክሊኒክ እንዴት እንደምጠቀምበት አንድ ቃል አልነገረኝም። በሳምንቱ ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ወረወርኩት፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት አጨስኩ። እነዚያ ሦስት ዓመታት ዛሬም ያንገበግቡኛል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማስቲካው ጉዳት እነግራችኋለሁ። ሳልደብቅ። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፤ ሰዎች ከሚያማርሩት ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከአኝካችን ነው። ማስቲካ የሚለው ስም ነው የሚያሳስተን። ስሙ ማስቲካ ይሁን እንጂ በጉንጭ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

አመጣጡን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሠራሩ እዚያ ውስጥ አለ። ነገሩ የተጀመረው ስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ክላስ ሉንድግረን፣ ሊዮ በሚባል የመድኃኒት ፋብሪካ ለሚሠሩት ለኦቬ ፈርኖ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ያሉ ሰዎች ማጨስ ስለማይችሉ በአፍ የሚያዝ ትምባሆ ይይዛሉ፣ ያም ሐራራቸውን ያስታግስላቸዋል የሚል ነበር። ከዚያ ትምባሆ ሳይኖር ኒኮቲኑ ብቻ በአፍ ቢሰጥስ የሚል ሐሳብ መጣ። ማስቲካው እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተፈቀደ፣ አሜሪካ በ1984 በሐኪም ትእዛዝ፣ በ1996 ደግሞ ያለ ትእዛዝ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እንግዲህ መርከበኞቹ ትምባሆውን አልዋጡትም። አፋቸው ውስጥ ያዙት። ቁልፉ እሱ ነው። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በጉንጭ ውስጠኛው ቆዳ በኩል ነው። ከተዋጠ ግን ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ጨጓራን ይቆጣዋል፣ የቀረውን ደግሞ ጉበት ወደ ጭንቅላት ሳይደርስ ይበላዋል። አያችሁት? እንደ ማስቲካ ስታኝኩት ምራቃችሁ ይሞላል፣ ምራቁን ትውጣላችሁ፣ ሆዳችሁ ይቃጠላል፣ ሐራራው ግን አልተነካም። ስለዚህ ሌላ ትጨምራላችሁ። ጋሼ የደረሰባቸው ይኸው ነው።

ታዲያ እንዴት ይያዝ? ጫት ሲቃም ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የሚቅም ሰው ቅጠሉን አኝኮ ወዲያው አይውጠውም፤ በአንድ ጉንጩ ይወትፈውና ቀስ እያለ ይመጠዋል። (ጫቱን እያበረታታሁ አይደለም፤ እንዲያውም ለብዙዎቻችን ሲጋራውን የሚጠራው ጫቱ ነው፣ አንዱን ለማቆም የፈለገ ስለ ሌላውም ማሰብ አለበት።) ማስቲካውንም ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ ታኝኩታላችሁ። ቁንዶ በርበሬ የነካችሁ ዓይነት ቆንጠጥ የሚያደርግ ስሜት ይመጣል። ያኔ ማኘክ አቁሙ። በጉንጫችሁና በድዳችሁ መካከል ወሸቅ አድርጉት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት አኝኩ፣ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጉንጭ። እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ግማሽ ሰዓት ታቆዩታላችሁ። ቢያኝኩትም ምንም ስሜት የማይሰጥ ከሆነ አልቋል።

አሁን ወደ ጉዳቶቹ።

ስቅታ። ከሁሉም በላይ የምሰማው እሱን ነው። የሚመጣው ቶሎ ቶሎ በማኘክና ምራቁን በመዋጥ ነው። አኝካችሁ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ቃርም፣ ማቅለሽለሽም፣ የሆድ መነፋትም እንዲሁ። የጉሮሮ መከርከር አለ፣ አፍ መቁሰል አለ፣ ምራቅ መብዛት አለ። በአንድ በኩል ብቻ የሚወሽቅ ሰው እዚያው ቦታ ይላጥበታል፤ ጉንጭ ቀያይሩ የምለው ለዚህ ነው።

መንጋጋ ያማል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፣ ማስቲካው ከተለመደው ማስቲካ ይጠጥራል። ከጆሮ ሥር ያለው የመንጋጋ መጋጠሚያ ድሮም የሚያማችሁ ከሆነ ማስቲካው ለእናንተ አይሆንም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ድልድይ ላለውም እንዲሁ፤ ይጣበቃል፣ ሊነቅለውም ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው የሚመጠጠው የኒኮቲን ከረሜላ ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፓች አለለት። መታገል አያስፈልግም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ልብ ትር ትር ማለት። እነዚህ አንዳንዴ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ማስቲካው በሁለት ጉልበት ይመጣል፣ 2 ሚሊግራምና 4 ሚሊግራም። የሚመረጠው በቀን ስንት ታጨሳለህ በሚለው ብቻ አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፋችሁ ነቅታችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የምትለኩሱ ከሆነ 4 ነው፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 2። ቀላል አጫሽ ሆኖ 4 የወሰደ ሰው ያዞረዋል። ከባድ አጫሽ ሆኖ፣ "ትንሹ ይሻለኛል፣ ጉዳቱ ይቀንሳል" ብሎ 2 የወሰደ ሰው ደግሞ ሐራራው አይለቀውም። በሦስተኛው ቀን ሲጋራ ይገዛና "ማስቲካው አይሠራም" ይላል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም።

በዝቷል የሚባለውስ መቼ ነው? ቀዝቃዛ ላብ ካላበ፣ ካስመለሰ፣ ፊት ከገረጣ፣ ልብ በጣም ከፈጠነ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ ማስቲካው ወዲያው ከአፍ ይውጣ፣ እርዳታም ይጠራ። በቀን ከ24 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት ከመጣ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እነዚህ ብዙ የማይታዩ ናቸው፣ ግን እንዲያልፋችሁ አልፈልግም።

አሁን የእኛ ቤት ጉዳይ የሆነው ላይ ልቆይ። ቡና።

ማስቲካው ውስጥ የአፍን አሲድ የሚያበርድ ነገር ተጨምሯል፣ ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ካለው የሚቀራረብ። ምክንያቱም ኒኮቲን አሲድ ባለበት አፍ ውስጥ በጉንጭ በኩል አያልፍም። ቡና አሲድ ነው። ኮካም፣ ብርቱካን ጭማቂም። እኛ ደግሞ ሲጋራና ቡናን አብረን ነው የለመድነው፤ ቡናው ሲፈላ ሲጋራው ይታሰበናል። ስለዚህ ሰውየው አቦሉን ፉት እያለ ማስቲካውን ያኝካል። አብዛኛው ኒኮቲን ወደ ሆድ ይወርዳል። ቃር ብቻ ነው የሚተርፈው። ከማስቲካው በፊት 15 ደቂቃ፣ አፋችሁ ውስጥ እያለም ምንም አትብሉ፣ ምንም አትጠጡ። ጀበናው ቀርቦ ከሆነ ቡናችሁን ጨርሱ፣ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ማስቲካው።

የቡናው ነገር ግን እዚህ አያበቃም፣ ሁለተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚያጨስ ሰው ጉበቱ ካፌይንን ቶሎ ቶሎ ያስወግዳል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፤ ጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ጭሱ ሲቆም ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ወትሮ ፍጥነቱ ይመለሳል። እናም ትናንት የምትጠጡት ያው ሦስት ስኒ፣ ዛሬ በደማችሁ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል! እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ትር ትር ይላል። ሰውየው ማስቲካውን ይራገማል። ማስቲካው ግን የለበትም። ሲጋራ ባቆማችሁበት ሳምንት ቡናችሁን በግማሽ ቀንሱ። አቦሉን ጠጥታችሁ በረካውን ለሌላው ተዉ።

ይኸው የጉበት ነገር አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይነካል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን፣ ሲጋራ ሲቆም በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም ስኳሩን ከወትሮው በበለጠ መከታተል አለበት። እነዚህን የምትወስዱ ከሆነ ሲጋራ ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሲጋራውን አታቁሙ እያልኩ አይደለም፣ የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከልላችሁ ነው የምለው።

ሌላም በማስቲካው ላይ የሚላከክ ነገር አለ። ንጭንጭ። በትንሽ በትልቁ መቆጣት። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ሁልጊዜ መራብ፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንዴም የአፍ ቁስል። ይህ ማስቲካው ያመጣው ሳይሆን ሲጋራው ሲሄድ የተወው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ከዚያ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሳምንት እየረገበ ይሄዳል። ልዩነቱን የምታውቁት እንዲህ ነው፤ ማስቲካውን አፋችሁ ውስጥ ስታደርጉ የሚብስባችሁ ከሆነ የማስቲካው ነው። ማስቲካው ሲዘገይባችሁ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ሐራራው ነው፣ ምናልባትም እየወሰዳችሁ ያላችሁት አንሷችኋል። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ ማስቲካውን የሚቀንስ ሰው ነው ተመልሶ የሚያጨሰው።

ባለትዳሮች እዚህ ካላችሁ፣ በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ታገሡ። እኔን ባለቤቴ ባትታገሠኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀበልኩ።

አንድ ወጣት፣ "ኒኮቲን ራሱ ካንሰር አያመጣም ወይ?" አለኝ። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ይህ አይካድም። ካንሰር የሚያመጣው ግን ጭሱ ነው። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፣ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይታወቃል። ማስቲካው ውስጥ ጭስ የለም፣ ታር የለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም። እና ይሠራል ወይ ላላችሁ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክራን የሚባለው ተቋም ከ130 በላይ ጥናቶችን፣ ከ64 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ አንድ ላይ መርምሮ እንዲህ ያሉ የኒኮቲን መድኃኒቶች የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ እንደሚያሳድጉ አግኝቷል። ፓችና ማስቲካ አብረው ሲሆኑ ደግሞ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ።

"ከሲጋራ ወጥተን የማስቲካ ሱሰኛ ብንሆንስ?" ያለችኝ እህትም ነበረች። የሚቆይበት ሰው አለ። ግን ከሲጋራው ጋር እኩል አይደለም። የሲጋራ ኒኮቲን በሴኮንዶች ውስጥ ጭንቅላት ይደርሳል፣ ያ ፍጥነት ነው የሚያሥረው። የማስቲካው ግን ከፍተኛው ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አወጣጡም በደረጃ ነው። ስድስት ሳምንት በየአንድና ሁለት ሰዓቱ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት ሳምንት በየሁለትና አራት ሰዓቱ፣ መጨረሻ ሦስት ሳምንት በየአራትና ስምንት ሰዓቱ። አፍ የለመደውን ማኘክ ካጣ፣ በመካከል ስኳር የሌለው ተራ ማስቲካ አስገቡ። በ12 ሳምንት ያልጨረሰ ሰው ደግሞ አይደንግጥ፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ይቀጥል። ተመልሶ ከሚያጨስ ማስቲካው ቢቆይበት ይሻላል።

"አንድ ቀን ተሳስቼ ባጨስስ?" ማስቲካውን አትጣል። ድሮ ካርቶኑ ላይ፣ እያጨሱ አይጠቀሙ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲነሳ ፈቅዷል። አንዲት ሲጋራ አጨስኩ ብሎ ሁሉን ነገር ጥሎ ወደ ፓኮ መመለስ ነው ትልቁ አደጋ።

የልብ ሕመም ያለባቸው አባት ጠየቁኝ። ልብ ድካም ወይም ግፊት አለ ማለት ማስቲካው ክልክል ነው ማለት አይደለም፣ ለልብ ከሲጋራ የከፋ የለም። ነገር ግን ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታው፣ የልብ ምቱ ክፉኛ የሚዛባ፣ ወይም የደረት ሕመሙ እየባሰበት ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያናግር አይጀምር። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ፤ ያለ ምንም ኒኮቲን ማቆም ብትችል ይመረጣል፣ ካልቻለች ግን ከሐኪሟ ጋር ትወስን።

ስለ ረመዳንም ተነሳ። ሃይማኖቱን በተመለከተ ሼኾቻችሁን ጠይቁ፤ ማስቲካ ግን አፍ ውስጥ ገብቶ ከምራቅ ጋር ጥቂቱ መዋጡ ስለማይቀር ቀን ላይ ለጿሚ እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ከሕክምናው በኩል የምለው፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚደረግ እሱን ጠይቁ። ማስቲካው ከኢፍጣር በኋላ ሊሆን ይችላል፣ በባዶ ሆድ ግን አትጀምሩት፣ ያቅለሸልሻል።

ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር። የታኘከው ማስቲካ ውስጥ ብዙ ኒኮቲን ይቀራል፣ ግማሽ ያህሉ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት። አዲሱንም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል፣ አንዷ ፍሬ እንኳ ትንሽ ልጅን ክፉኛ ልታሳምም ትችላለች።

በመጨረሻ አንዲት እናት ተነሡ። "አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ይዤለት ልሄድ ነው፣ ስንት ልውሰድለት?" አሉ። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። አገር ቤት በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የሲጋራ ፓኮ ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይወጣል፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስም ተከልክሏል። አቁም የሚለው መልእክት ሰውን ደርሶታል። ማስቲካውን ግን ብዙ ሰው የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ሻንጣ ነው፣ የሚመጣውም በእንግሊዝኛ መመሪያ።

አብረን አሰላነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በቀን ቢያንስ 9 ፍሬ ያስፈልገዋል፣ ያ 378 ነው። በቀጣዩ ሦስት ሳምንት በቀን 5 ብንል 105። በመጨረሻው 3 ብንል 63። በድምሩ 546 ፍሬ ይሆናል። ሴትየዋ ሊወስዱለት ያሰቡት ግን ባለ 20 ፍሬ አንድ ካርቶን ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው፤ በሦስተኛው ቀን ሐራራው ሲጠና እጁ ላይ የሚቀረው ሲጋራው ነው።

"እንግዲያውስ ለሌላ ሰው የያዝኩትን ጫማ እተወዋለሁ" አሉና ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው፣ በአማርኛ ካርቶኑ ላይ ምን ብዬ ልጻፍለት አሉኝ። ጋሼም እዚያው ተቀምጠው ስለነበር ከእኔ በፊት መለሱላቸው፤ "ሲቆነጥጥህ ማኘክ አቁም፣ ጉንጭህ ውስጥ ወሽቀው ብለሽ ጻፊ።"